ስሙ የጋረደው በሽታ፦ ኦንኮሰርኪያሲስና የማኅበረሰብ የመድኃኒት እደላ ታሪክ



የዛሬው ርእሴ አንድ በሽታና አንድ ክኒን ነው ብትሉ አትሳሳቱም፤ እኔ ግን ከስሙ መጀመር እፈልጋለሁ። በሕክምና ቋንቋ ኦንኮሰርኪያሲስ የሚባለውን በሽታ ዓለም የሚያውቀው «የወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት» በሚል መጠሪያ ነው። በከፋ፣ በሸካ፣ በቤንች፣ በኢሉባቦርና በጅማ ወንዞች አጠገብ ለሚኖረው ገበሬ ግን ይህ በሽታ ከሁሉ በፊት የቆዳ በሽታ ነው፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ማሳከክ፣ እየወፈረና እየሻከረ የሚሄድ ቆዳ፣ በቅልጥም ላይ የሚወጣ ዝንጉርጉር ነው። በአገራችን ዓይን ማጥፋቱ ከምዕራብ አፍሪካ ሳቫና ጋር ሲነጻጸር እምብዛም ነው። ስሙ ከዚያ መጥቶ እዚህ ተለጠፈ። የምከራከረውም ይህ ስም ማን በሽተኛ ተብሎ እንደሚቆጠር፣ መድኃኒቱስ ለማን ቀድሞ እንደሚደርስ ለመወሰን ትልቅ ድርሻ ነበረው ብዬ ነው። (የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የበሽታው አካሄድ በአጭሩ ይህ ነው። ሲሙሊየም የምትባል ትንሽ ጥቁር ዝንብ በፍጥነት በሚወርድ ውኃ ውስጥ ትራባለች፤ ደም ስትመጥም የትሉን እጭ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ታሻግራለች። ጎልማሳዋ ትል ከቆዳ ሥር፣ በእባጭ ውስጥ ተቀምጣ ከ10 እስከ 15 ዓመት ትኖራለች፤ በዕድሜዋም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን እጮችን ትወልዳለች። ሰውን የሚያሠቃዩት እነዚህ እጮች እንጂ እናቲቱ አይደለችም፤ በቆዳ ውስጥ ሲሞቱ ማሳከክን፣ በዓይን ውስጥ ሲሞቱ ጠባሳን ያስከትላሉ። የትሏን ዕድሜ ግን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የሚገርመው፣ የሳይንሱ ታሪክ የጀመረው ከማሳከክ ነው። በ1875 ጆን ኦኒል የተባለ የባሕር ኃይል ሐኪም በዛሬዋ ጋና ጠረፍ እጮቹን ያገኘው በከባድ የቆዳ ማሳከክ የሚሠቃዩ ሰዎችን ሲመረምር ነበር። ትሉን ከዓይን መጥፋት ጋር ያገናኘው ሮዶልፎ ሮብሌስ፣ በ1915 በጓቲማላ የቡና እርሻዎች አካባቢ ነው። የዝንቧን ሚና ደግሞ ዶናልድ ብላክሎክ በ1926 በሴራሊዮን አረጋገጠ። በኢትዮጵያ በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በ1939፣ በከፋ፣ በጣሊያን ተመራማሪዎች ነው። ከዚያ በኋላ የአገሪቱ ሕመምተኛ ስድሳ ዓመት ያህል ጠብቋል።

ዓይን ቆዳን እንዴት እንደ ጋረደው ለመረዳት ወደ ቮልታ ወንዝ ተፋሰስ መሄድ ያስፈልጋል። በዚያ ለም መሬት ያላቸው የወንዝ ዳር መንደሮች በዓይነ ስውርነት ምክንያት ባዶ ቀርተው ነበር። በ1972 የዓለም ባንክ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሮበርት ማክናማራ የላይኛው ቮልታን፣ ማለትም የዛሬዋን ቡርኪና ፋሶን፣ ጎበኙ፤ ሕፃናት ዓይነ ስውራንን በበትር የሚመሩበትም ሁኔታ የጉብኝቱ መታሰቢያ ሆነ። በ1974 የተጀመረው ታላቅ የቁጥጥር መርሐ ግብር በሄሊኮፕተር በወንዞች ላይ የዝንቧን እጭ የሚገድል ኬሚካል እየረጨ፣ በመጀመሪያ በሰባት፣ በኋላ በ11 የምዕራብ አፍሪካ አገሮች እስከ 2002 ሠርቷል። ውጤቱ ታላቅ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ያ የበትርና የሕፃን ምስል የበሽታው መልክ ሆኖ ቀረ። ዓይኑ እያየ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክክ የሚያድር የከፋ ገበሬ በዚያ ምስል ውስጥ የለም።

መድኃኒቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት ዳይኤቲልካርባማዚንና ሱራሚን የሚያስከትሉት ጉዳት ከባድ ስለ ነበር ለብዙኃን እደላ የሚሆኑ አልነበሩም። ሳቶሺ ኦሙራ ከጃፓን አፈር ከለየው ባክቴሪያ፣ ዊሊያም ካምቤልና ባልደረቦቹ በመርክ ኩባንያ ያዳበሩት አይቨርሜክቲን፣ በ1981 በዳካር ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ተሞከረ። የሙከራው መሪ መሐመድ አዚዝ ነበር፤ በኖቤል ሽልማቱ ዓመት፣ በ2015፣ ስሙ ብዙ ሲነሣ አልሰማሁም። በጥቅምት 1987 ኩባንያው መድኃኒቱን፣ በንግድ ስሙ ሜክቲዛንን፣ ለሚያስፈልገው ሁሉና እስከሚያስፈልግ ድረስ በነፃ እንደሚሰጥ አስታወቀ።

እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ። ዋጋው ዜሮ የሆነ መድኃኒት ከፋና ሸካ ለመድረስ እስከ 2001 ለምን ቆየ? ጦርነቱና የመንግሥት ለውጡ አንድ ምክንያት ናቸው፤ የመንገድ እጦትም ሌላ። በእኔ አስተያየት ግን ትልቁ ምክንያት ካርታው ነው። ቅድሚያ የሚሰጠው ዓይነ ስውር ለበዛበት አካባቢ ነበር፤ የእኛ ደቡብ ምዕራብ ደግሞ ዓይነ ስውር አልበዛበትም። ይህ መለወጥ የጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ማሳከኩ ራሱ ከባድ ሸክም መሆኑን ካሳዩ በኋላ ነው። በ1997 የወጣ የዓለም ባንክ ጥናት ደግሞ በቴፒ ቡና እርሻ ሠራተኞች ላይ የተሠራ ነበር፤ በበሽታው ቆዳቸው የተጎዳ ሠራተኞች ከባልደረቦቻቸው ያነሰ የቀን ገቢ እንደሚያገኙ አሳየ። ማሳከክ በብር ሲተመን ነው የተሰማው! ነገሩ ያሳዝናል፤ ጥናቱ ግን ትክክለኛውን ነገር በትክክለኛው ጊዜ ተናግሯል።

በ1995 የተቋቋመው የአፍሪካ ኦንኮሰርኪያሲስ ቁጥጥር ፕሮግራም ሄሊኮፕተሩን ትቶ ከ1997 ጀምሮ ሌላ መንገድ ያዘ። መድኃኒቱን የሚያድለው ማኅበረሰቡ ራሱ ነው፤ አዳዮቹን የሚመርጠው፣ ቀኑንና ቦታውን የሚወስነውም እርሱ ነው። ሚዛን በሌለበት መንደር ክብደት ስለማይለካ መጠኑ በቁመት እንዲወሰን ተደረገ። አንድ ምልክት የተደረገበት ዘንግ ይበቃል፤ ከ90 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ አይወስድም፣ ከዚያ በላይ ያለው እንደ ቁመቱ ከአንድ እስከ አራት ክኒን ይወስዳል። ነፍሰ ጡር፣ በወለደች በመጀመሪያው ሳምንት ያለች እናትና በጠና የታመመ ሰው ይታለፋሉ። ስለ አይቨርሜክቲን ሞለኪውል ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ግን ይህ ዘንግ ከሞለኪውሉ የማያንስ ፈጠራ ይመስለኛል፤ ሐኪሙ የያዘውን ሥልጣን ለገበሬ ያስረከበ እርሱ ነውና።

ገበሬው ግን ደመወዝ የለውም። መቶ ቤት እንዲያዳርስ የተመደበ ሰው እርሻው እየጠበቀው አንድ ዙር ይሠራል፣ ሁለተኛው ላይ ይሰለቻል። ሞሰስ ካታባርዋ በኡጋንዳ ያሳየው መፍትሔ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። አዳዩ ለገዛ ዘመዶቹ ብቻ ቢያድል፣ የአዳዮቹም ቁጥር ቢበዛ፣ የአንዱ ድርሻ ጥቂት ቤት ይሆናል፤ ሴቶችም በብዛት ይገባሉ፤ የክፍያ ጥያቄውም ይቀንሳል። በኢትዮጵያ ይህ ሐሳብ ከ2003 ወዲህ ከተስፋፉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥራ ጋር ተጋጠመ።

አሁን ወደ ትሏ ዕድሜ ልመለስ። አይቨርሜክቲን እጮቹን ይገድላል፤ እናቲቱን ግን ለወራት ከመውለድ ያግዳታል እንጂ አይገድላትም። ስለዚህ መድኃኒቱ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይቋረጥ መታደል አለበት። ዓላማው ቁጥጥር በነበረበት ዘመን ከሕዝቡ 65 በመቶው ከወሰደ በቂ ነው ይባል ነበር። ኢትዮጵያ በ2012 እና 2013 ግድም ከቁጥጥር ወደ ማጥፋት ስትሸጋገርና በዓመት ሁለት ጊዜ ማደል ስትጀምር ጥያቄው ተገለበጠ፤ «ስንቱ ወሰደ?» መባሉ ቀርቶ «ማን ቀረ?» ተባለ። የቀረውም ብዙውን ጊዜ በማንም ዘመድ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ሰው ነው፤ ለቡና ለቀማ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ።

በዚያው በመተማ ነው ትልቁ ውጤት የታየው። የጓንግን ወንዝ፣ ሱዳኖች አትባራ የሚሉትን፣ የሚጋራው የመተማና የገላባት አካባቢ በሁለቱ አገሮች ቅንጅት ታክሞ፣ መተላለፉ በመቋረጡ በ2010ዎቹ መገባደጃ እደላው ቆመ። ማስረጃው የተገኘው ከዝንቦች የዘር ምርመራና ከ10 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት የጣት ደም ነው፤ ከ1,000 ሕፃናት ምልክቱ የሚገኝባቸው ከአንድ ማነስ አለባቸው። የሕፃናቱ ደም የታሪክ ሰነድ ነው፤ ከተወለዱ ጀምሮ የታመመች ዝንብ እንዳልነከሰቻቸው ይመሰክራል። ከ2023 ወዲህ ግን በዚሁ ድንበር ከሱዳን ጦርነት የሚሸሽ ሕዝብ ይሻገራል፤ ዝንቧም ሆነች እጩ ፓስፖርት አይጠየቁም። ኮሎምቢያ፣ ኢኳዶር፣ ሜክሲኮና ጓቲማላ ከ2013 እስከ 2016 ከበሽታው ነፃ መሆናቸው ተረጋገጠ፤ ከአፍሪካ ኒጀር በ2025 ቀዳሚ ሆነች። በአገራችን ለ2020 የተያዘው ግብ አልተደረሰበትም፤ በደቡብ ምዕራብ እደላው ቀጥሏል።

በመጨረሻም ለታሪክ ተማሪዎች አንድ ነገር ልበል። የኩባንያው፣ የባንኩና የዓለም ጤና ድርጅት ሰነዶች በሥርዓት ተቀምጠዋል። የአዳዮቹ ደብተሮች ግን በየጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ ቤተ መዛግብቶቻችን የሚያውቋቸው አይመስለኝም። በየደብተሩ አባወራው፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ በስም ተዘርዝረዋል፤ ልጁ በየዙሩ ከአንድ ክኒን ወደ ሁለት፣ ወደ ሦስት ሲያድግ ይታያል። ክኒን ባልተሰጠበት ቦታ ደግሞ ምክንያቱ በአጭሩ ተጽፏል፦ ነፍሰ ጡር፣ ታማለች፣ አልፈልግም አለ፣ ለሥራ ሄዷል።