የለቡ ባቡርና የውጭ ባለሙያዎች

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከለቡ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ነጂዎቹም ጥገና ሠራተኞቹም በአብዛኛው ቻይናውያን ነበሩ። በ2010 መደበኛ አገልግሎት ሲጀምርም ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ለስድስት ዓመት እንዲያንቀሳቅሱት ውል ተያዘ።

«የተመረቁ ልጆቻችን ሥራ አጥተው ተቀምጠው ለምን የውጭ ሰው?» የሚለውን ቅሬታ በመስጂድ ደጃፍም በታክሲ ውስጥም እንሰማዋለን። ቅሬታው ተገቢ ነው፤ በሰዎቹ ላይ ሲያነጣጥር ግን ቦታውን ይስታል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ለተወሰነ የሥራ ዓይነት፣ ለሦስት ዓመት ነው፤ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ሰውየው ለሥራው እንደማያስፈልግ ከተረጋገጠም ይሰረዛል። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ደግሞ የውጭ ባለሙያ የቀጠረ ባለሀብት ኢትዮጵያውያንን አሠልጥኖ በተወሰነ ጊዜ እንዲተካቸው ያስገድዳል። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት ፈቃድ ይዞ የመጣው እንግዳ ሳይሆን ማሠልጠን የሚገባው ቀጣሪና መቆጣጠር የሚገባው መሥሪያ ቤት ነው።

በባቡሩ ይህ ተፈጽሟል። ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን ከቻይናውያኑ ሥራውን ተምረው፣ በግንቦት 2016 የሁለቱ አገሮች የጋራ ኩባንያ ተረክቦታል። ስድስት ዓመት ቀላል ጊዜ አይደለም፤ ውሉ ግን ከመነሻው ማብቂያ ነበረው።