የአደጋ ደቂቃና የፍርድ ዓመት

ማንኛውም ከባድ አደጋ ሁለት ዓይነት ጊዜ አለው። አንደኛው በአደጋው ውስጥ የነበሩት ሰዎች ያሳለፉት ጊዜ ሲሆን፣ የሚለካውም በሴኮንድና በደቂቃ ነው። ሁለተኛው ከአደጋው በኋላ በነዚሁ ሰዎች ላይ የሚፈርዱት ያላቸው ጊዜ ነው፤ ይኸኛው በወርና በዓመት ይቆጠራል። አበው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስት ታሪኮችን በመመልከት፣ መረጃው ተሟልቶ ሳይቀርብ የሚሰጥ ፍርድ ለምን እንደሚያስት፣ ይህም ለመሐንዲስ ሙያ ምን ትርጉም እንዳለው መመርመር ነው።

መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979) ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ በአሜሪካ በፔንሲልቬኒያ ግዛት በሚገኘው የሥሪ ማይል አይላንድ የኑክሊየር ኃይል ማመንጫ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ የውሃ መግፊያ ፓምፖች ቆሙ። ግፊቱን ለማስተንፈስ የተከፈተው ቫልቭ ተመልሶ መዘጋት ሲገባው ክፍት ሆኖ ቀረ። በመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ የነበረው መብራት ግን ጠፋ፤ ሠራተኞቹም ቫልቩ ተዘግቷል ብለው አመኑ። መብራቱ የሚያመለክተው የመዝጊያው ትእዛዝ መተላለፉን ብቻ እንጂ ቫልቩ በእርግጥ መዘጋቱን አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ከ100 የሚበልጡ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ባንድነት ጮኹ። ሠራተኞቹም የተማሩትን ተከትለው ወደ ሬአክተሩ ይገባ የነበረውን የአደጋ ጊዜ ውሃ ቀነሱ። ቫልቩ ከ2 ሰዓት በላይ ክፍት ሆኖ ሲቆይ የሬአክተሩ እምብርት ከፊሉ ቀለጠ።

ሠራተኞቹ ውሃውን ባይቀንሱ ኖሮ አደጋው ቀላል ይሆን እንደነበረ አያጠራጥርም። ፍርዱን እዚህ ላይ ማቆም ለብዙዎች ምቹ ነበር። ይሁን እንጂ በሒሳብ ሊቁ በጆን ኬሜኒ የተመራው አጣሪ ኮሚሽን በጥቅምት 1972 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ጥያቄውን አሰፋው። ሥልጠናው፣ የመመሪያው አጻጻፍና የመቆጣጠሪያው ክፍል አሠራር ሁሉ ጉድለት እንደነበረባቸው ገለጸ። ከዚህም በላይ ተመሳሳይ የቫልቭ ብልሽት በ1977 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ ግዛት በዴቪስ ቤሲ ማመንጫ ደርሶ ነበር፤ ትምህርቱ ግን ለሥሪ ማይል አይላንድ ሠራተኞች አልደረሳቸውም።

ሁለተኛው ታሪክ በመልካም የተፈጸመ ነው። ጥር 7 ቀን 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2009) ከኒው ዮርክ ላጋርዲያ የተነሣ ኤርባስ 320 አውሮፕላን ከዝይ መንጋ ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም ሞተሮቹ ኃይላቸውን አጡ። ካፒቴን ቼስሊ ሰለንበርገር ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ብቻ ነበራቸው። አውሮፕላኑን በሃድሰን ወንዝ ላይ አሳረፉት፤ የ155ቱም ሰው ሕይወት ተረፈ። በምርመራው ጊዜ በሲሙሌተር የተፈተኑ አብራሪዎች ወዲያውኑ ወደ ላጋርዲያ ሲዞሩ ለማረፍ ችለው ነበር። እነዚያ አብራሪዎች ግን የሚሆነውን አስቀድመው ያውቁ ነበር። ሁኔታውን ለመረዳትና ለመወሰን የሚያስፈልገው 35 ሴኮንድ ሲታከልበት ሙከራው ከሸፈ። እንግዲህ በ35 ሴኮንድ ውስጥ የተሰወረው ነገር አንድን ሰው ከባለሙያነት ወደ ጥፋተኛነት ሊያወርደው ይችል ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ታሪክ የእኛው ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2019) ከጧቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ፣ ከ6 ደቂቃ ገደማ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰዎችም አለቁ። ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ አስቀድሞ ተመሳሳይ አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። ምርመራው ገና ሳይጠናቀቅ የረዳት አብራሪው የበረራ ሰዓት ማነስ በውጭ አገር መነጋገሪያ ሆነ። ከ8,000 ሰዓት በላይ የበረሩት የዋና አብራሪው የካፒቴን ያሬድ ጌታቸው ልምድ ግን ያን ያህል አልተነሣም። በሜይ 2019 በአሜሪካ ምክር ቤት በተካሄደ ስብሰባ ላይም፣ በአሜሪካ የሠለጠነ አብራሪ ቢሆን ኖሮ ይወጣው ነበር የሚል አስተያየት ተሰነዘረ።

የመረጃ መቅረጫው የተናገረው ሌላ ነው። አውሮፕላኑ መሬት እንደለቀቀ የግራው የአየር አንግል መለኪያ 74.5 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ 15.3 ዲግሪ ያሳይ ነበር። በግራ በኩል የአብራሪው መሪ እየተንቀጠቀጠ አስጠነቀቀ፤ የፍጥነትና የከፍታ ንባቦቹም ተለያዩ። ከዚያም ኤምካስ የተባለው ሥርዓት በዚያ በአንድ የተሳሳተ መለኪያ ተመርቶ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው። አብራሪዎቹ ከኢንዶኔዥያው አደጋ በኋላ በወጣው መመሪያ መሠረት የኤሌክትሪክ ማቋረጫዎቹን ዘጉ፤ በእጅ ለማስተካከል ቢሞክሩም ጎማው አልታዘዘላቸውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊሸሸግ አይገባም። ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የመጨረሻው ሪፖርት ሲወጣ የአሜሪካና የፈረንሳይ የምርመራ አካላት፣ የኤምካስን ጥፋት ሳይክዱ፣ የሞተር ኃይሉ አለመቀነሱን የመሰሉ የአብራሪዎቹ እርምጃዎች በበቂ ሁኔታ አልተመረመሩም ብለዋል። ይህ ተገቢ የቴክኒክ ክርክር ነው፤ መረጃን ይዞ የሚቀርብ ጥያቄና ከመረጃ በፊት የሚቀድም ፍርድ አንድ አይደሉምና።

ለመሐንዲስ ግን ከሁሉ የሚከብደው ፍርድ ከአደጋው በኋላ የተሰጠው አይደለም፤ ከአደጋው ብዙ ዓመት በፊት በንድፍ ጠረጴዛ ላይ የተሰጠው ነው። አውሮፕላኑ ሲነደፍ፣ ኤምካስ ቢሳሳት አብራሪው በ4 ሴኮንድ ያህል ውስጥ ተረድቶ ያርመዋል ተብሎ ታስቦ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ በሴፕቴምበር 2020 እንደገለጸው፣ የኩባንያው አንድ የሙከራ አብራሪ በሲሙሌተር ከ10 ሴኮንድ በላይ ወስዶበት ሁኔታውን እጅግ አጥፊ ሆኖ አግኝቶታል። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድም በ2019 እንዳመለከተው፣ የተሳሳተ መለኪያ የሚያስነሣቸው ብዙ ማስጠንቀቂያዎች ባንድነት ሲጮኹ አብራሪው ምን እንደሚያደርግ በግምቱ ውስጥ አልተካተተም። የሥሪ ማይል አይላንድ መብራትና የኤምካስ 4 ሴኮንድ ባንድ ቃል ይገናኛሉ፤ ሁለቱም በማይታየው ሰው ላይ አስቀድመው የተሰጡ ፍርዶች ናቸው።

ከዚህ የሚከተለው፣ ማንም ሰው በምንም ሥራው አይጠየቅ ማለት አይደለም። ሰውን ከመጠየቅ በፊት ግን የሚመለሱ ጥያቄዎች አሉ። በዚያች ሴኮንድ በፊቱ የነበረው መሣሪያ ምን ይነግረው ነበር? ከዚያ ውስጥ እውነቱ የትኛው ነበር? ምን ተምሮ ነበር? ምንስ ሳይነገረው ቀርቶ ነበር? እነዚህ ሳይመለሱ «እኔ ብሆን ኖሮ» ማለት ፍጻሜውን እያወቁ መናገር ነው። እኛም ቫልቭና መብራት፣ ማንቂያና መመሪያ የምንነድፍ ሰዎች ጥያቄዎቹን ከአደጋ በፊት ልንጠይቃቸው ይገባል፤ ጊዜው በእጃችን ያለው ያን ጊዜ ነውና።