የከሰል መመረዝ

የከሰል መመረዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል፣ እንጨት፣ ጋዝ ወይም ነዳጅ ሲነድ በሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በተባለ ጋዝ የሚደርስ መመረዝ ነው። በኢትዮጵያ ብዙውን ጊዜ ከከሰል ማንደጃ ጋር ተያይዞ ስለሚከሰት በዚህ ስም ይታወቃል። «ጭስ አፈነው» ሲባልም ይሰማል፤ ይህ አባባል ግን ትንሽ ያሳስታል። ሰውን የሚገድለው ጋዝ እንደ ጭስ አይታይም፤ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ዓይን አያስለቅስም፣ አያስልም።

አፈጣጠሩ

ከሰል ገና ሲቀጣጠል ይጨሳል። ስለዚህ በብዙ ቤት ማንደጃው ደጅ ይቀጣጠልና ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ ወደ ውስጥ ይገባል። ልማዱ ከጭስ ያድናል፤ ከካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አያድንም። ከታች በሚገባው አየር ከሰሉ ሲነድ መጀመሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል። ይህ ጋዝ በጋለው ፍም መካከል ወደ ላይ ሲያልፍ ከከሰሉ ካርቦን ጋር እንደገና ይዋሃድና ከአንዱ ሞለኪውል ሁለት የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውሎች ይወጣሉ። በፍሙ ላይ የምትታየው ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ ሲቃጠል ነው። ነበልባሏ ስትጠፋ ጋዙ ሳይቃጠል ወደ ክፍሉ ይገባል ማለት ነው። ፍሙ አመድ ለብሶ የጠፋ ሲመስልም፣ ውስጡ እስከጋለ ድረስ መመንጨቱ አይቆምም።

የቤቱ አሠራርም ለውጥ ያመጣል። ስንጥቅ የበዛበት የጭቃ ቤት ሳይታሰብ አየር ያስገባል። ኮርኒስ የተለጠፈበት፣ መስኮቱ በደንብ የሚገጥም፣ የበሩ ሥር ለብርድ ተብሎ በጨርቅ የተወተፈ ክፍል ግን ጋዙን ያጠራቅማል። ከፍታም ይጨመርበታል፦ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል።

በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ በሚበልጥ ኃይል ሄሞግሎቢንን ይይዛል። በመሆኑም በአየሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ጥቂት ቢሆንም ቀስ በቀስ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሰውየው እየተነፈሰም አንጎሉና ልቡ ኦክስጅን ያጣሉ። የፅንስ ሄሞግሎቢን ጋዙን ከእናቱ ይበልጥ አጥብቆ ስለሚይዝ ነፍሰ ጡር ሴት በተለየ አደጋ ላይ ናት። ለብርዱ ተብሎ ከሰል የሚገባበት የአራስ ክፍልም እንዲሁ አሳሳቢ ነው።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳትና ግራ መጋባት ናቸው። ከጉንፋን፣ ከምግብ መመረዝ ወይም ከስካር ጋር በቀላሉ ይምታታሉ። የሚለይበት መንገድ አለ፦ ትኩሳት የለውም፣ በአንድ ቤት ያሉ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ይይዛል፣ ውጭ ሲወጡም ይሻላል። የተኛ ሰው ግን ራስ ምታቱን ሳያውቀው ራሱን ሊስት ይችላል። በጣት ላይ የሚደረገው የተለመደው የኦክስጅን መለኪያም አያስተማምንም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን እንደያዘ አድርጎ ሊያነበው ይችላል።

የታወቁ አጋጣሚዎች

ጋዙ ደምን እንዴት እንደሚመርዝ በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያሳየው ፈረንሳዊው ክሎድ በርናርድ ነው። ስኮትላንዳዊው ጆን ስኮት ሃልዴን ደግሞ ጋዙን በራሱ ላይ ሞክሮ መዝግቧል፤ ለማዕድን ቆፋሪዎች ማስጠንቀቂያ እንዲሆኑ ትናንሽ እንስሳት እንዲያዙ ያሳሰበውም እሱ ነው። ደራሲው ኤሚል ዞላ እ.ኤ.አ. በ1902 ፓሪስ ውስጥ የሞተው የመኝታ ክፍሉ ምድጃ ጭስ ማውጫ ተዘግቶ ነበር። አሜሪካዊው የቴኒስ ተጫዋች ቪታስ ጌሩላይቲስ በ1994 የሞተው ደግሞ በትክክል ካልተገጠመ የመዋኛ ገንዳ ማሞቂያ የወጣው ጋዝ ወደተኛበት ቤት ገብቶ ነው። ዘመናዊ ማሞቂያ በራሱ ዋስትና እንደማይሆን የኋለኛው ታሪክ ያሳያል።

መከላከያ

ዋናው ነገር ሰው በሚተኛበት ክፍል ፍም አለማሳደር ነው። ለቡና የገባ ማንደጃ በርና መስኮት ተከፍቶ ይቆይና ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሕፃናት በማይደርሱበትና በማይቀጣጠል ቦታ ይቀመጣል። ክፍሉን አሙቆ መስኮቱን ዘግቶ መተኛት አይቻልም፤ ፍሙ እስካለ ድረስ ጋዙ እንደገና ይሞላል። አጠገቡ ውሃ ማስቀመጥም አይረዳም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው እጅግ በጥቂቱ ነው። እጣን ደግሞ ሽታ ከመጨመር በቀር የሚያደርገው ነገር የለም። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይህን ጋዝ አያመነጭም፤ የራሱ አደጋ እሳት ስለሆነ ከመጋረጃና ከአልጋ ልብስ ቢያንስ 1 ሜትር ርቆ፣ በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ሳይሆን በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት መሰካት አለበት።

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ አንባቢዎች ዘንድ ጉዳዩ ከማንደጃ ወደ ጋዝ ማሞቂያ ይዛወራል። እዚያ የሚመከረው ብርዱ ከመግባቱ በፊት በየዓመቱ ባለሙያ የጭስ ማውጫ ቱቦውንና የሙቀት ማስተላለፊያውን እንዲመረምር ነው፤ ቱቦው በወፍ ጎጆ ወይም በበረዶ ሊዘጋ፣ ብረቱም ሊሰነጠቅ ይችላል። በየፎቁና በመኝታ ክፍል አቅራቢያ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ይገጠማል። በአሜሪካ ደረጃ የተሠራ መሣሪያ በሚሊዮን የአየር ክፍል 70 ክፍል ጋዝ ሲኖር ከ1 እስከ 4 ሰዓት ውስጥ፣ 400 ሲደርስ ግን ከ4 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ይጮኻል። መሣሪያው ስለሚያረጅ በላዩ የተጻፈው ጊዜ ሲያልፍ ባትሪውን መቀየር ብቻውን አይበቃም። አየር ማቀዝቀዣ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ከዚህ ነፃ ነው፤ መብራት ሲጠፋ እሱን ለማስነሳት የሚበራ ጄኔሬተር ግን ከቤት ውጭ፣ ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ መቀመጥ አለበት።

የመጀመሪያ እርዳታ

የሚረዳው ሰው ራሱ እንዳይወድቅ በሩን ከፍቶ ቶሎ ይገባል፣ ተጎጂውን ወደ ንጹሕ አየር ያወጣል፤ ፍሙን ለማጥፋት ጊዜ አያባክንም። የማይተነፍስ ከሆነ ትንፋሽ መስጠትና ደረትን መጫን ይጀመራል። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። በተለምዶ የሚሰጠው ወተት የደሙን መርዝ አያወጣም፤ ራሱን ለሳተ ሰው ሲጠጣ ደግሞ ወደ ሳንባ ገብቶ ያንቀዋል። መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው። በተራ አየር በደም ውስጥ ያለው ጋዝ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በሆስፒታል በጭምብል በሚሰጥ ንጹሕ ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። የተሻለው ሰውም ቢሆን መመርመር ያስፈልገዋል፤ የማስታወስ ችግር፣ የጠባይ ለውጥ ወይም የእንቅስቃሴ መዛባት ከቀናት እስከ ሳምንታት ዘግይቶ ሊታይ ይችላል።