«ልጄ ይቅበረኝ» ማለት የከበዳቸው እናቶች

የሀገራችን እናት ስትመርቅም ስትጸልይም «ልጄ ይቅበረኝ» ትላለች። ከልጅ ቀድሞ መሄድ ጸጋ ነው፤ ልጅን መቅበር ደግሞ ከመርገምት ሁሉ የከፋ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት የአርባ ዓመት ልጅ ያላቸው የሰባ ዓመት እናት ግን ይህቺን ጸሎት አፍ ሞልተው ለመጸለይ ይቸገራሉ። እሳቸው ከሄዱ ማን ያጥበዋል? ማን ያጎርሰዋል?

ነገሩ የጥንት ይመስላል እንጂ በዚህ መጠን ሲመጣ አዲስ ነው። ለምን አትሉም? ድሮ ብዙዎቹ ልጆች ቀድመው ይሞቱ ነበራ! ዳውን ሲንድረምን እንውሰድ (ዘመኑን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። በ1920ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ አማካይ ዕድሜያቸው 9 ዓመት ግድም ነበር። በ1983 አሜሪካ ውስጥ 25 ደረሰ። ዛሬ በሀብታሞቹ ሀገሮች 60 ግድም ነው። አንቲባዮቲክ መጣ፣ የልብ ቀዶ ጥገና መጣ፣ ዕድሜም ረዘመ። ሕክምናው ዕድሜውን ሲጨምር ግን ጠባቂ አብሮ አልሰጠም።

ድሮ የፈረንጅ መፍትሔ ማጎሪያ ነበር። ኒው ዮርክ ውስጥ ዊሎብሩክ የሚባለው ተቋም ለ4 ሺህ ሰው ተሠርቶ በ1960ዎቹ ከ6 ሺህ በላይ ታጭቆበታል። በ1972 ጄራልዶ ሪቬራ የተባለ ወጣት ጋዜጠኛ ካሜራ ይዞ ገባና ጉዱን ለሀገር አሳየ። በዚያው ዓመት ወላጆች ከሰሱ፤ በ1987 ተቋሙ ጨርሶ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የመጡ ወላጆች ልጃቸውን እቤታቸው አሳደጉ። ዛሬ ያረጁት እነሱ ናቸው።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ጁዲ ፍራይድ የምትባል እናት ነበረች። በ1946 ለአንድ መጽሔት ደብዳቤ ጻፈች፤ የእሷ ብጤ እናቶች መልስ ጎረፈላት፤ ዛሬ ሜንካፕ የሚባለው ማኅበር ተወለደ። ሕጉ «አይማሩም» ብሎ ያስወጣቸው ልጆች ትምህርት መብታቸው የሆነው በ1971 ነው። ሃያ አምስት ዓመት! ደብዳቤው ሲጻፍ ሕፃን የነበረው ሁሉ በዚያ ጊዜ አዋቂ ሆኗል።

ገንዘብ ቢኖርስ? የፕሬዚዳንት ኬኔዲ እህት ሮዝሜሪን እዩ። በ1941 በአባቷ ውሳኔ የአንጎል ቀዶ ጥገና ተደረገላትና ከቀድሞው ባሰባት፤ አብዛኛውን ቀሪ ዘመኗን ዊስኮንሲን ባለ ተቋም ኖረች። እናቷ 104 ዓመት ኖረው በ1995 አረፉ፤ ሮዝሜሪ በ86 ዓመቷ እስከ 2005 ቆየች። መቶ አራት ዓመት እንኳ አልበቃም። የእንክብካቤዋን ኃላፊነት የወሰደችው እህቷ ዩኒስ ነበረች።

ወደ እኛ እንምጣ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ መነሻቸው የገዛ ልጃቸው ነበር። በ2021 አረፉ። ማዕከሉ ግን ቀጠለ። በየጓዳው ልጃቸውን ይዘው ያረጁ እናቶችስ ምን ትተው ይሄዳሉ?

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ራሱን ማስተዳደር ለማይችል አዋቂ ፍርድ ቤት ሞግዚት እንዲሾምለት ይፈቅዳል። በ2010 ደግሞ ሀገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አጽድቃለች። ወረቀቱ ግን ጠዋት ተነስቶ አያጥብም። እድሩም ቢሆን ድንኳን ይተክላል፣ ይቀብራል፣ ያስተዛዝናል፤ ድንኳኑ ሲነሳ ጥግ ላይ የቀረውን ሰው ማን እንደሚወስደው የእድሩ ደንብ አይናገርም።

እንግዲህ ወጣቱ አንባቢ፣ ወሬው ወዳንተ መጣ። እቤት እንዲህ ያለ ወንድም ወይም እህት ካለህ፣ የዩኒስ ወንበር ያንተ ነው። እናትህ አርባ ዓመት ሙሉ በጭንቅላታቸው የያዙት ነገር አለ፦ የትኛውን መድኃኒት በስንት ሰዓት፣ ምን ሲሰማ እንደሚደነግጥ፣ ዝም ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ። የትም አልተጻፈም። ዛሬ ማታ ቁጭ ብለህ ጠይቃቸው፤ ጻፈውም። ምናልባት ያቺን ጸሎት ሳይፈሩ ይጸልዩ ይሆናል።