የሎጎ ሐይቅ ቆሮሶና የደጋው ጽድ

በደቡብ ወሎ ዞን የሎጎ ሐይቅ ዓሣና የአምባሰል አካባቢ ደጋ ዛፎች ለነዋሪው የምግብ፣ የገቢና የቤት መሥሪያ ምንጭ ሆነው ቆይተዋል። ከእነዚህ መካከል ቆሮሶ የተሰኘው ዓሣና የሐበሻ ጽድ የሚጋሩት አደጋ ከሚተኩት በላይ መወሰዳቸው ነው። የሚያገግሙበት ጊዜ ግን እጅግ ስለሚለያይ ጥበቃቸውም ይለያያል።

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውና ጥንታዊው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ሎጎ ሐይቅ፣ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ሲኖረው ውኃው የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ቆሮሶ ወደ ሐይቁ የገባው በ1970 ዓ.ም ገደማ ነው። ሴቷ ዓሣ እንቁላሏን በአፏ ይዛ የምትፈለፍል ሲሆን፣ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ትራባለች። ዓይነ ጠባብ መረብ ግን ገና ያልወለደውን ዓሣ ጭምር ስለሚያወጣ ዘሩን ያመናምናል።

ጽድ በአንጻሩ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ እስከ 40 ሜትር ሊረዝም የሚችል ዛፍ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወንዴውና ሴቴው የተለያዩ ዛፎች በመሆናቸው፣ ጥቂት ዛፎች ብቻ በቀሩበት ስፍራ ዘር የማፍራት ዕድሉ ይቀንሳል። እንጨቱን ምስጥ በቀላሉ ስለማይበላው ለቤተ ክርስቲያን፣ ለቤትና ለአጥር ሥራ ይፈለጋል። ችግኙንም ከብት ይረግጠዋል። በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ጽድን ከዝግባ፣ ከኮሶና ከዋንዛ ጋር ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ዛፎች መድቦት ነበር።

ሁለቱም ዝርያዎች በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ አልተመደቡም። ይሁን እንጂ በዓለም ደረጃ መትረፍ በአንድ ሐይቅ ወይም በአንድ ተራራ ላይ ከመመናመን አያድንም። በዚሁ መዝገብ መሠረት በዓለም ላይ ካሉት የሻርክና መሰል ዓሦች እንዲሁም ጽድና ዝግባን ከሚያቅፈው የኮኒፈር ዛፎች ወገን ከእያንዳንዳቸው ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ዝርያዎች አደጋ ላይ ናቸው። ሻርክ ዘግይቶ የሚወልድና ጥቂት የሚወልድ በመሆኑ፣ በዚህ ረገድ ከቆሮሶ ይልቅ ለጽድ ይቀርባል።

በመሆኑም ለቆሮሶ የመረብ ዓይን መጠንን ማክበርና በመራቢያ ወቅት ከማጥመድ መታቀብ በጥቂት ዓመታት ውጤት ሊያሳይ ይችላል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ም ለዚህ ዓይነቱ ቁጥጥር መሠረት ጥሏል። ለጽድ ግን ዘር ሰጪ ዛፎችን ሳይቆርጡ ማቆየትና ችግኙን ከከብት መከለል ያስፈልጋል። ዛሬ የወደቀውን ትልቅ ጽድ የሚተካውን ዛፍ ለማየት የሚታደለው የልጅ ልጅ ነው።