የእንጦጦ ደንና ከጋራው በታች ያለው ውሃ

ባሕር ዛፍ የአዲስ አበባን ምንጮች አደረቀ የሚለው ነቀፌታ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይሰማል። ነቀፌታው እውነት አለበት፤ ነገር ግን የታሪኩን ግማሽ ብቻ ይናገራል። ይህ ጽሑፍ የእንጦጦ ደን በየጊዜው እንዴት እንደ ተያዘ፥ አያያዙም ምንጮቹንና ጨፌዎቹን እንዴት እንደ ነካ ለመመርመር የታሰበ ነው። ዓመታቱ የተጻፉት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

እንጦጦ ውሃ ከፋይ ጋራ ነው። በደቡብ የሚወርዱት ቀበናና ቀጨኔ ከተማውን አቋርጠው በአቃቂ በኩል ወደ አዋሽ ይገባሉ፤ በሰሜን የሚወርደው ግን የሱሉልታን ሜዳ በክረምት ጨፌ አድርጎ በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። ስለዚህ በጋራው ራስ ላይ የሚደረገው ሁሉ ለሁለት ታላላቅ ወንዞች ይተርፋል።

አዲስ አበባ በ1886 ከተቆረቆረች በኋላ በአካባቢው የነበረው ጥድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቆረጠ ተመናመነ። የእንጨቱ እጦት እጅግ ስለ ጸና፥ በ1900 ገደማ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማይቱን በስፍራዋ ያጸናት በ1890ዎቹ አጋማሽ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ሆኖም ብዙ ሳይቆይ ዛፉ ውሃ ያደርቃል የሚል አቤቱታ ተነሣ፤ በ1913ም ከተተከለው ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል ታዘዘ። ሌላ ማገዶ የሌለው ከተማ ግን ዛፉን ሊተው አልቻለምና ትእዛዙ በሙሉ ሳይፈጸም ቀረ።

ባሕር ዛፍ ቅጠሉ በአንድ ጊዜ ስለማይረግፍ በበጋም ከመሬት ውሃ ይስባል። በደቡብ አፍሪካ በጆንከርስሁክ ሸለቆ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የተደረገው ልኬታ ከውጭ የመጣ ዛፍ በተተከለበት ስፍራ የጅረቱ ውሃ መቀነሱን አስረድቷል፤ በ1998 የወጣው የአገሪቱ የውሃ ሕግም ለንግድ የሚተከለውን ደን ውሃ ከሚቀንሱ ሥራዎች ቆጥሮታል።

በእንጦጦ ላይ ግን ሌላ ምክንያት ይታከላል። ድሆች ሴቶች የወደቀውን ቅጠል ለእንጀራ መጋገሪያ ጠርገው ይወስዳሉ። ቅጠሉ የተነሣለት መሬት ዝናቡን ከመምጠጥ ይልቅ ያንሸራትተዋል፤ በክረምት ጎርፍ፥ በበጋ ደረቅ ምንጭ የሚሆነው ስለዚህም ጭምር ነው። ቀድሞ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደ ተተከለ የሚነገርለት የመናገሻ ሱባ ደን ከዚህ ይለያል። በጥዱና በወይራው ሥር የረገፈው ቅጠል በቦታው በስብሶ አፈሩን ያለሰልሰዋል።

እንግዲህ ጥያቄው ዛፍ ይኑር ወይስ አይኑር አይደለም። ባሕር ዛፉ በአንድ ጊዜ ቢመነጠር ምንጩ ለጥቂት ዓመት ይበረታ ይሆናል፤ አፈሩ ግን በጎርፍ ይሄዳል። የሚሻለው አስቀድሞ ከምንጭ ራስና ከጨፌ ዳር ማንሣት፥ በቀረው ላይ የአገር ዛፍ ቀስ በቀስ መተካት ነው። ይህም የሚጸናው ቅጠል ለቃሚዎቹ ሌላ መተዳደሪያ ሲያገኙ ነው፤ የ1913ቱ ትእዛዝ የከሸፈው የሕዝቡን ምድጃ ሳያስብ ስለ ወጣ ነውና።