ንጥረ ነገሮች በሚዛን፣ በአመድና በጨው እንዴት ተለዩ?

የኬሚስትሪ ትምህርት በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚጀመረው የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ በቃል በማጥናት ነው። እዚህ ሐርቡ የማውቃቸው ተማሪዎች ግን "ሶዲየም ጨው ውስጥ መኖሩን ማን አይቶ ነው?" እያሉ ይጠይቁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የጥንቶቹ ኬሚስቶች ዛሬ ያሉት መሣሪያዎች አልነበሯቸውም። ሚዛን፣ እሳትና ትዕግሥት ግን ነበራቸው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቀድሞው ዘመን ዓለም ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት የተሠራች እንደሆነች ይታመን ነበር። አራቱ ባሕርያት በእኛም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የታወቁ ናቸው። ፈረንሳዊው ላቮዋዚዬ ግን ሌላ መለኪያ አመጣ። በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በታወቀ ዘዴ ሁሉ ተሞክሮ ወደ ሌላ ነገር ሊከፋፈል ያልቻለውን ንጥረ ነገር አለው። በዚህ መለኪያ ውኃ ወደቀች፤ ሃይድሮጅን ሲቃጠል ውኃ እንደሚገኝ ቀደም ብሎ በሙከራ ታይቶ ነበርና።

የላቮዋዚዬ ዋና መሣሪያ ሚዛን ነበር። ሜርኩሪን በተዘጋ አየር ውስጥ ለ12 ቀናት ሲያሞቀው በላዩ ላይ ቀይ ዱቄት ወጣ፤ አየሩም ቀነሰ። ቀዩን ዱቄት ለብቻው አብልጦ ሲያግለው ሜርኩሪው ተመለሰ፤ የጎደለውም አየር ወጣ። ያ አየር ዛሬ ኦክስጅን የምንለው ነው። ሆኖም በዘረዘራቸው 33 ንጥረ ነገሮች ውስጥ ብርሃንና ሙቀት ይገኙባቸዋል፤ ለግድግዳ ቅብ የምንጠቀምበት ኖራም አለበት። ኖራ ውህድ መሆኑ የተረጋገጠው በ1808 እንግሊዛዊው ዴቪ ካልሲየምን ከውስጡ ለይቶ ሲያወጣ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ የነበልባል ቀለም ነው። ጀርመናዊው ማርግራፍ በ1750ዎቹ መጨረሻ፣ መልካቸው የሚመሳሰል ሁለት ዓይነት ጨዎችን እሳት ላይ ሲያደርግ አንደኛው ቢጫ፣ ሌላው ወይን ጠጅ ነበልባል ሰጠው። ቢጫው የሶዲየም፣ ወይን ጠጁ የፖታሲየም ምልክት ነው። የፖታሲየም ዋና ምንጭ በዚያ ዘመን የእንጨት አመድ ነበር፤ ስሙም የመጣው "የማሰሮ አመድ" ከሚል ቃል ነው። ዴቪ በ1807 በቀለጠ የአመድ ጨው ውስጥ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ፖታሲየምን፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ሶዲየምን ለየ።

ይህን ማየት የሚፈልግ ሰው የከሰል ፍም ላይ ነበልባል ባለበት ቦታ ቁንጥር ጨው ይበትን፤ ነበልባሉ ወዲያው ቢጫ ይሆናል። ጨው ስለሚፈነጠር ፊትን ራቅ ማድረግ ያስፈልጋል። በአመድ ቢሞከር ግን ወይን ጠጁ በቀላሉ አይታይም። አመድ ውስጥ ያለ ጥቂት ሶዲየም በቢጫው ይሸፍነዋል። ኬሚስቶች በሰማያዊ የኮባልት መስታወት እያዩ ይህን ችግር አለፉት። ቡንሰንና ኪርቾፍ ደግሞ ብርሃኑን በፕሪዝም በመበተን በ1860 ሲዚየምን፣ በ1861 ሩቢዲየምን አገኙ።

ሦስተኛው ታሪክ ለእኛ ለወሎዬዎች ይበልጥ ይቀርባል። በ1811 ለባሩድ የሚሆን ጨው ያመርት የነበረው ፈረንሳዊ ኩርቷ፣ በባሕር አረም አመድ ላይ ሰልፈሪክ አሲድ አብዝቶ ሲጨምር ወይን ጠጅ እንፋሎት ወጣ። እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ጥቁር ቅንጣት ሆነ። ይህ አዮዲን ነው። በ1814 ደግሞ አዮዲን ስታርችን ሰማያዊ እንደሚያደርግ ታወቀ።

አዮዲን ከምግባችን ሲጎድል እንቅርት ያመጣል፤ በእርግዝና ጊዜ ከጎደለ ደግሞ የሕፃኑን አእምሮ ዕድገት ይጎዳል። አፈሩ በዝናብ በሚታጠብበት ደጋ ችግሩ ይበረታል። ስለዚህ ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደንብ በ2011 ወጣ። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት፣ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች በ2011 ወደ 15 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ ወደ 89 በመቶ ነበሩ። ቆጠራው የተካሄደውም ስታርች ባለበት ፈሳሽ ጠብታ ነው። ጨዉ ሰማያዊ ከሆነ አዮዲን አለው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጠብታው አዮዲን መኖሩን እንጂ መጠኑን በትክክል አይነግርም፤ መጠን ለማወቅ ወደ ላቦራቶሪና ወደ ልኬት መመለስ ግድ ነው። ቀለም ይጠቁማል፣ ሚዛን ይፈርዳል። እናቶችም ጨዉን ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ በተከደነ ዕቃ ቢያስቀምጡትና ወጡ ሊወጣ ሲል ቢጨምሩት አዮዲኑ አይባክንም።